ጅቡን ከመመረዝ በፊት ደጃችንን እንጥረግ



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ከተነሡት ጉዳዮች ሁሉ ብዙ ሰዓት የፈጀው የጅቡ ነገር እንደነበረ፣ በስብሰባው ያልተገኛችሁም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ከወንዙ ዳር ካለ ግቢ ሁለት በግ መወሰዱ፣ ከድልድዩ ሥር ያድር የነበረ አንድ ምስኪን ሌሊት እግሩን ተነክሶ ሆስፒታል መግባቱ፣ ለኪዳን የሚሄዱ እናቶችና ለሱብሂ ሶላት የሚወጡ አባቶች ከመንገድ እየተመለሱ መቸገራቸው፣ ይኼ ሁሉ ተነግሯል። በመጨረሻም አንዳንድ አባሎች ተነሥተው «ከየቤቱ ጥቂት ብር ይዋጣና መርዝ ተገዝቶ፣ በሥጋ ተለውሶ ወንዙ ዳር ይጣል፤ አንዴ ይለይለት» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጥቂት የማይባል ሰውም አጨበጨበላቸው። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

እኔ በዕለቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ ሥራዬ የሌላውን ቃል መጻፍ ነበር። አሁን ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ጸሐፊነቴን ወደ ጎን አድርጌ፣ እንደ አንድ ነዋሪ የግል አስተያየቴን በዚህ ሰሌዳ ላይ ላቀርብ እወዳለሁ። ባጭሩ መርዙን እቃወማለሁ። ጅብ ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ ጅብ የሚወድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መርዙ ጅቡን ሳያጠፋ እኛኑ ይጎዳል፤ ጅቡን የሚጠራው ነገር ደግሞ በገዛ እጃችን ነው ያለው። ምክንያቴን አንድ በአንድ ላስረዳ።

በቅድሚያ ግን የፈራውን ሰው አልነቅፍም። ጅብ ሰው ይነክሳል፤ ይገድላልም። በተለይ ሕፃን ልጅ፣ ጠጥቶ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው፣ ቤት አጥቶ ደጅ የሚያድር ሰው ያሠጋዋል። ስለዚህ «ጅብ ምንም አያደርግም፤ ዝም በሉት» ብሎ የሚመክረን ቢመጣ ከእሱም ጋራ አልስማማም። በጉ የተወሰደበት ጎረቤታችንም ለልጆቹ ትምህርት ቤት መክፈያ ያሰበው ገንዘብ ነው የሄደበት። ይህን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም።

ታዲያ ጅቡ ለምን ይመጣል?

ሰፈራችን ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ጅብ ቀን ቀን በተራራው ጫካ፣ በገደል ሥርና በወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ያን ሁሉ መንገድ የሚመራው አፍንጫው ነው። እስቲ ምን እንደሚሸተው እናስብ። በዓል ሲደርስ ቅርጫ እንገባለን። ሥጋው ተመድቦ ዕጣ ይወጣበትና ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይገባል። ፈርሱ፣ ሸሆናው፣ የጭንቅላቱ አጥንት ግን በማዳበሪያ ተሞልቶ፣ ሲጨልም ጠብቆ ወንዙ ውስጥ ይጣላል። ቆዳ የሚገዛ ሰው እንደ ድሮው ስለማይገኝ ቆዳውም አብሮ ይጣላል። የዶሮው ላባና አንጀት በፌስታል ተቋጥሮ ባጥር ላይ ይወረወራል። አህያ ሲሞት ገደል ይገፋል፤ ውሻ ሲሞትም እንደዚያው። በማግስቱ ሌሊት ጅቡ ሲመጣ «ዘንድሮስ ደፈረን!» እንላለን። እኛው ግብዣ ጠርተን፣ እንግዳው ሲመጣ በር ላይ ቆመን መሳደብ ምን ይባላል?

ይህን የምለው ከራሴ አንጎል ብቻ አውጥቼ አይደለም። በሰሜን አገራችን በትግራይ የተደረገ ጥናት አለ፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ተመራማሪዎቹ የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ፣ በውስጡ የሚገኘውን ጠጉር እየለዩ ጅቡ ምን እንደበላ አጣሩ። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት የአህያ ጠጉር ድርሻ ወደ 15 በመቶ ግድም ነበረ። በጾሙ 55 ቀን ውስጥ ወደ 33 በመቶ ከፍ አለ። ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ ወደ 22 በመቶ ወረደ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰዉ ሥጋ ሲያቆም ከየደጁ የሚጣለው አጥንትና ጥራጊም ይቀራል፤ ጅቡ ግን ጾም አያውቅምና ወደ አህያ ይዞራል።

ከዚህ ጥናት እኔ ሁለት ትምህርት ወስጃለሁ። አንደኛው፣ ጅብ የሚኖረው ከእኛ ጥራጊ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው፤ ጥራጊውን ባንድ ጊዜ ብናስቀርበት ለተወሰነ ጊዜ ፊቱን ወደ በግና ወደ አህያ ያዞራል። ስለዚህ ቆሻሻውን ከማንሣታችን በፊት በረቱን መዝጋት አለብን። ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ በመቀሌ ከተማ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የሞተ እንስሳና የሥጋ ጥራጊ እንደሚበሉ ገምቷል። በኩንታል 2,070 ኩንታል መሆኑ ነው። ጅቦቹ ይህን በማንሣታቸው በዓመት 5 ሰዎችና 140 የሚሆኑ ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ እንደሚተርፉ ተሰልቷል። አባ ሰንጋ ምን እንደሆነ ከገጠር የመጣን ሁሉ እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ ያ 207 ቶን ከተማው ከሚጥለው የእንስሳ ጥራጊ 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ተብሏል። እንግዲህ ጅቡ ሌሊት ሌሊት ያለ ደመወዝ የሚሠራ ጽዳት ሠራተኛ ቢሆንም፣ የእኛን ሥራ ጨርሶ ሊሠራልን አይችልም።

የሐረርን ሰው ደግሞ ተመልከቱ። የጀጎል ግንብ ሲሠራ ከሥሩ ለጅብ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ጅቡ ሌሊት በዚያ ገብቶ ጥራጊውን ለቅሞ ይወጣል። በዓሹራ በዓልም ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል። እኛም ለጅብ ገንፎ እናገንፋ ማለቴ አይደለም፤ የሐረር ልማድ የራሱ ሥርዓትና የብዙ ዘመን ትውውቅ ያለው ነው። ባልለመደ ሰፈር ለጅብ ሥጋ መወርወር አደጋ ነው፤ ወጣቶች ለቪዲዮ ብላችሁ እንዳትሞክሩት። እኔ ማለት የፈለግሁት፣ ከጅብ ጋራ ጎረቤት ሆኖ ሳይጠፋፉ መኖር የሚቻል መሆኑን ነው።

አሁን ወደ መርዙ ልመለስ።

መርዝ ጎረቤት አይለይም። ወንዝ ዳር የተጣለ ሥጋ ላይ «ለጅብ ብቻ» ተብሎ አይጻፍበትም። ከጅቡ ቀድሞ ውሻ ያገኘዋል፤ ድመት ያገኘዋል። ሲነጋ ቁራና ጭልፊት ነጥቆ ይበርና የእትዬ እገሊት ግቢ ውስጥ፣ ልጅ የሚጫወትበት ላይ ይጥለዋል። የተመረዘው ውሻ ወንዙ ውስጥ ይወድቃል። ከወንዙ በታች ደግሞ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ያንን ጎመን ገበያ ወጥተን የምንገዛው እኛው ነን። ይኼ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ጅብ አያልቅም፤ የሞተው ጅብ የለቀቀውን ቦታ ሌላው ከተራራው ወርዶ ይይዘዋል፤ ምክንያቱም ጥራጊው እዚያው እየጠበቀው ነው።

ከሕግም አንጻር ቢሆን የዱር እንስሳ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። አዋጅ ቁጥር 541/1999 የወጣውም ለዚሁ ነው። ያለ ፈቃድ መግደል ያስጠይቃል። ማኅበራችን በቃለ ጉባኤ ወስኖ፣ ማኅተም አሳርፎ መርዝ ቢገዛ ነገ የሚጠየቀው ማን ነው? አስቸጋሪ የሆነ፣ ቀን በቀን የሚወጣ፣ ሰው የለመደ ጅብ ሲኖር ለወረዳውና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አመልክቶ ባለሙያ ማስመጣት ነው ደንቡ።

ጥራጊ የሚያነሣ እንስሳ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል የሕንድ አገር ታሪክ ያስተምረናል። በሕንድ ጥንብ አንሣ አሞራ ሰማይ የሚሞላ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶው ዘጠና አምስት የሚበልጠው አለቀ። ምክንያቱ ሲመረመር ለታመመ ከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሆኖ ተገኘ። ከብቱ መድኃኒቱን ወስዶ ሲሞት፣ በድኑን የበላ አሞራ ኩላሊቱ ተቃጥሎ ይሞት ነበር። አሞራው ሲያልቅ በድኑ በየሜዳው ቀረ፤ የባለቤት የለሽ ውሾች ቁጥር ጨመረ፤ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ ጨመረ። የሕንድ መንግሥት መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከለ፤ አሞራው ግን እስካሁን በቀድሞው ብዛት አልተመለሰም። ያ ሁሉ ጥፋት ሳይታሰብ የደረሰ ነው። እኛ ግን አስበንበት፣ ብር አዋጥተን መርዝ ልንጥል ነው እየተባለ ያለው።

የእብድ ውሻን ነገር ካነሣሁ አይቀር አንድ ቃል ልበል። በዚህ ሰፈር ከጅብ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ያልተከተበ ውሻ ነው። አዲስ አበባ በዚህ በሽታ የታወቀ ወረርሽኝ የደረሰባት ገና በ1895 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተገላገልነውም። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም። ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ውሻም ይሁን ጅብ ወይም ሌላ አውሬ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ፣ ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጠየቅ አለበት። ጠበሉም ጸሎቱም ይኑር፤ ክትባቱ ግን አይቅር። ውሾችን በመርዝ መፍጀትም በሽታውን አያጠፋውም፤ በሞቱት ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ይተኩበታል። በሽታው የሚገታው ከመቶ ውሻ ሰባው ሲከተብ ነው ይላሉ ባለሙያዎች። ያልተከተበ ውሻ ለሰው ብቻም አይደለም ጠንቁ፤ በባሌ ተራሮች በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ የቀረውን የእኛኑ ቀይ ቀበሮ በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ከጅብ ወረድ ብለን ደግሞ የየግቢያችንን ፍጥረት እንመልከት፤ አስተሳሰቡ አንድ ነውና። አይጥ በዛ ብለን ከሱቅ የአይጥ መርዝ እንገዛለን። ይህ መርዝ ብዙውን ጊዜ አይጧን ወዲያው አይገድላትም፤ ጥቂት ቀን እያንገዳገደ ያቆያታል። የተንገዳገደችውን አይጥ ማን ይይዛታል? ድመትና ጉጉት ናቸው። ጉጉት በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት አይጥ የምትለቅም ወፍ ሆና ሳለች «ሟርተኛ ናት» ተብላ በድንጋይ ትወገራለች። የጮኸችው አይጥ ፍለጋ ነው እንጂ ሞት ልታበሥር አይደለም። እስስትም እንደዚሁ። ልጆች ሲያገኟት «መርዝ አላት» እያሉ ይቀጠቅጧታል። እስስት መርዝ የላትም፤ ዝንብና አንበጣ እየለቀመች አትክልታችንን የምትጠብቅ ናት። እንሽላሊቷም ትንኝ በላተኛ ናት። ማታ ማታ በመብራት እንጨቱ ዙሪያ የሚዞሩት ትንንሽ የሌሊት ወፎችም የሚያድኑት ትንኝና ብል ነው። ንብ መጥቶ ዛፍ ላይ ቢንጠለጠል ጎማ አታቃጥሉበት፤ ልጆችን አርቃችሁ ንብ የሚያረባ ሰው ጥሩ፤ ካልሆነም ጥቂት ቀን አርፎ ይሄዳል።

ዶሮ የሚወስዱትን ጭልፊትና ሽለምጥማጥ ግን ተዉአቸው ብዬ አልሸነግላችሁም። የዶሮ ነገር እልህ ያስይዛል። ቢሆንም ሽለምጥማጥ የሚገባው በተከፈተ ቆጥ ነው። ጥሩ ወንፊት ሽቦና የሚዘጋ በር ያለው የዶሮ ቤት ከመርዝ ይበልጣል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ለመርዝ የታሰበው መዋጮ ለሚከተሉት ሥራዎች እንዲውል ሐሳብ አቀርባለሁ፦

1ኛ/ በግ፣ ፍየልና አህያ ያላችሁ ሁሉ ማታ ጣራና በር ያለው በረት ውስጥ እንድታስገቡ። አቅም የሌለው አባል ሲኖር ማኅበሩ ቆርቆሮና ሚስማር ይርዳው፤ ወጣቶች በጉልበት ያግዙ። ይኼ ከሁሉ ይቅደም። በሁዳዴ ወራት ደግሞ ጥንቃቄው ይጠናከር።

2ኛ/ ለበዓል ቅርጫ ሲታረድ ፈርስና ጥራጊ የሚቀበርበት ጥልቅ ጉድጓድ ከወንዙ ርቆ ይቆፈር፤ ወይም ቆሻሻ ከሚያነሡት ማኅበራት ጋራ በዓሉ ሳይደርስ እንነጋገርና በማግስቱ መኪና ይምጣ። የቅርጫው ዳኛ ሥጋውን ሲያከፋፍል የጥራጊውንም ኃላፊ እዚያው ይሰይም። ወንዝ ውስጥ የጣለ በማኅበሩ ደንብ መሠረት ይቀጣ።

3ኛ/ በድልድዩ ላይና በቀጭኑ መንገድ መታጠፊያ ሁለት መብራት ይተከል። ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም በሌሊት የሚወጡ ሰዎች ተጠባብቀው አብረው ይሂዱ፤ ባትሪና ዱላ ይያዙ። ጅብ ያጋጠመው ሰው አይሩጥ፤ ጀርባውንም አይስጥ። ፊት ለፊት እያየው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጮኸ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይራቅ። ልጆች ጎሕ ሳይቀድ ብቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት አይላኩ።

4ኛ/ ውሻ ያለው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ያስከትብ፤ የእንስሳት ሐኪም ወደ ሰፈራችን እንዲመጣ ማኅበሩ ለወረዳው በደብዳቤ ይጠይቅ። ደብዳቤውን እኔ አዘጋጃለሁ።

5ኛ/ ይህ የመጨረሻው ለእኔ ዋናው ነው። ድልድይ ሥር ስለሚያድሩት ሰዎች ነው የምናገረው። ስብሰባው ላይ ስለ በጎቹ ብዙ ተብሏል፤ ስለተነከሰው ሰው ግን በቃለ ጉባኤዬ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው። እኛ ግንብ አለን፤ በር አለን፤ መዝጊያ አለን። ጅቡ የሚያገኘው መዝጊያ የሌለውን ሰው ነው። የማኅበራችን አዳራሽ በረንዳ ሌሊት ባዶውን ያድራል። ዘበኛችንም እዚያው ነው የሚያድር። በረንዳው በቆርቆሮ ተከልሎ፣ አንድ መዝጊያ ተበጅቶለት፣ በተለይ በክረምትና በሁዳዴ ወራት ደጅ አዳሪዎቹ እንዲጠጉበት ቢደረግ ምን ይጎድልብናል? ቆርቆሮው ከመርዙ መዋጮ አይበልጥም። ድንኳናችንና ወንበራችን ይሰረቃል የሚል ሥጋት ያለው ካለ፣ ዕቃ ቤቱ ቁልፍ እንዳለው አስታውሳለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ይኼ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ጅቡ ግን ዛሬ ማታ ይመጣል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ነገር ግን በረት መዝጋት ዛሬ ማታ ይቻላል። ባትሪ ይዞ አብሮ መሄድ ከነገ ሌሊት ጀምሮ ይቻላል። በረንዳውን መክፈትም ስብሰባው ከፈቀደ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጊዜ የሚወስደው ጉድጓዱና መብራቱ ነው፤ ለእሱም ቢሆን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ከተባበርን አይከብድም።

ሐሳቤን የማይቀበል ሰው መልሱን ጽፎ ቢያመጣልኝ እዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ከዚሁ ጎን እለጥፈዋለሁ። ሁላችሁም በሚቀጥለው ስብሰባ በሰዓቱ ተገኝታችሁ ድምፅ እንድትሰጡ አሳስባለሁ። እስከዚያው ድረስ ማንም ሰው በግሉ መርዝ እንዳይጥል በሰፈሩ ልጆች ስም አደራ እላለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ